እጅ የሚያውቀው ቦታ

ቅል ከቅል ሲጋጭ የሚያሰማው ባዶ ድምፅ ሰሞኑን ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ ገብቷል። ያመጣብኝ ደግሞ የልጄ ባል ነው። ሞጣ አብሬያቸው በምኖርበት በልጄ ቤት፣ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ የሟቹን ባለቤቴን የተቀዳ ድምፅ ልሰማ ብዬ፣ የስክሪኑን ቀስት እንደለመድኩት ወደ ቀኝ ወደ ታች ብወስዳት ቦታው ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ለካ የልጄ ባል፣ ቢሮ የሚውል ሰው፣ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ምልክቶች ሁሉ በፊደል ተራ አሰልፎ፣ ግማሹን አንድ ፎልደር ውስጥ ከቶታል።

«እማማ፣ አጸዳሁልዎ እኮ! ያነሳሁት አቋራጭ ምልክቱን ብቻ ነው፤ ድምፁ ውስጥ አለ።»

«መንገዱን አርሰህብኝ ቤቱ አለ ትለኛለህ?» አልኩት።

የአማርኛውን ፊደል ትምህርት ቤት ሳልገባ ከአባቴ ደጅ ለቅሜዋለሁ፤ የፈረንጁን ግን አላውቀውም። የማውቀው ቦታውን ነው።

አባቴ ቢቸና አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ዓይናቸው የጠፋ ሰው ነበሩ። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቤት ሲያውለን፣ ከበሩ በስተግራ መቋሚያቸው፣ ቀጥሎ ጋቢያቸው፣ ዝቅ ብሎ የመድኃኒት ቅላቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ እሳቸው ብድግ ብለው የፈለጉትን ሳይዳብሱ ያነሱ ነበር፤ እንግዳ ሰውማ አያዩም ቢሉት አያምንም። እህል ገብቶ እናቴ የዘር ቅሎቿን ስትሰቅል እንኳ በወዲያኛው ግድግዳ ነበር፤ እኔ ወደ አባቴ ወገን እጄን ከሰደድኩ ጣቴን ትመታኝ ነበር።

አንድ ጳጉሜ የአባቴ ታላቅ እህት ከግንደወይን ለእንቁጣጣሽ መጡ። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ «ይኼ የሰው ቤት ነው የጉሊት መደብ?» ብለው ሁሉን አወረዱና፣ ቅሉን ከቅል፣ እንጨቱን ከእንጨት፣ ልብሱን ከልብስ ጋር ሰቀሉት። ዓይን ላለው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምር ነበር። እናቴ ግን መሽቶ ስለተመለሰች ልብ አላለችውም።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ተነሥተው እጃቸውን ቢሰዱ ያገኙት የእናቴን ወንፊት ሆነ። ደግመው ቢሰዱ ቅሎቹ ተንቋቁ። በር ላይ ከሚጠብቋቸው ተማሪዎች አንዱ «የኔታ ዛሬ በወንፊት ሊያሸበሽቡ ነው!» አለና ሌሎቹ ሳቁ። አባቴ ግድግዳውን እየዳበሱ ቆዩና «ስጡኝ» አሉ፤ ከአፋቸው ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

እናቴ ወደ አክስቴ ዞረች። «እትዬ፣ የታወሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እርስዎ ቤቱንም አሳወሩት!»

«ምን አጠፋሁ? እንዳማረበት አታዪም?»

«ለማን ዓይን?»

አባቴ ግን «ተይ፣ ደግ ብላ ነው» ብለው ወጡ።

የጥቅምት ብርድ ሳይገባ እናቴ ሁሉን ወደ ቦታው መልሳው ነበር፤ የአባቴ እጅ ግን ቦታውን ማመን አቅቶት እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ አልሄደም። ሁዳዴ ሲደርስ ጭራሽ መዳበሱንም ትተው፣ ገና ሳይነሡ «መቋሚያዬን» እያሉ ከእኛ ከልጆቹ አንዳችንን ይጠሩ ነበር።

ልጅ ሳለሁ ያንን «ተይ» ማለታቸውን ትዕግሥት ብዬ አደንቀው ነበር። አሁን ያንገበግበኛል። ሰውን በገዛ ቤቱ ለማኝ አድርጎ «ደግ ብዬ ነው» ማለት ምን የሚሉት ደግነት ነው? አስቀድሞ መጠየቅ ምን ያስከፍል ነበር?

የልጄ ባልም ደንግጦ «ልመልስልዎ?» አለኝ። «እጅህን አንሣ» አልኩና ልጄን ጠርቼ የምልክቶቹን አጎታተት እንድታሳየኝ አደረግኩ፤ ከፎልደሩ እያወጣሁ አንድ በአንድ በገዛ እጄ አስቀመጥኳቸው። አንዱ ከረድፉ ወጣ፣ አንዱ ዝቅ ብሏል። የልጄ ባል ባለፈ ቁጥር እያየ ከንፈሩን ይነክሳል፤ ይንከሰው። አባቴ ከዚያ በኋላ መቋሚያቸውን እየለመኑ ኖሩ። እኔ የባለቤቴን ድምፅ ማንንም ሳልለምን እሰማለሁ።