ሉዋንና በሩን የሚያየው ወንበር

በሄይጎው ከተማ ግብዣ ሲደገስ በሩን ፊት ለፊት የሚያየው ወንበር የትልቁ እንግዳ ነው። ሉዋን ሠላሳ ዓመት ያህል በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ በላ። ባለሥልጣን ሆኖ አይደለም። በከሰል ማውጫው ውስጥ መብራት ጠጋኝ ነበር። ነገር ግን ሰው ያውቅ ነበር። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጨጓራውን እንደሚያመው፣ የእሳት አደጋው አለቃ ከአማቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ የጤና ተቆጣጣሪው ምሳ ሳይበላ ማናገር ከንቱ ድካም እንደሆነ፣ ሁሉንም ያውቃል። ምግብ ቤት ልክፈት፣ ጋራዥ ላቋቁም የሚል ሁሉ አስቀድሞ የሉዋንን በር ያንኳኳል። ሉዋንም አረቄ ያስቀዳል፣ ሲጋራ ያቀብላል፣ «የእኔ ሰው ነው» ይላል፤ ጉዳዩ ያልቃል።

ገንዘብ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ክፍያው ያ ወንበር ነበር። የዓሣው ራስ ወደ እሱ ዞሮ ይቀርባል፤ እሱ ሳይቀምስ የመብያ እንጨቱን የሚያነሣ የለም። ይህን ክብር ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ አያገኘውም።

ከዚያ ከሰሉ አለቀ። ከሰሉ ያለቀበት የከሰል ከተማ ምን ይሸጣል? ሹማምንቱ ብዙ መከሩና ከሌላ አገር ነጋዴ ይምጣልን አሉ። ነጋዴው መጣ፣ አየ፣ «እዚህ አንድ ማኅተም ለማግኘት አረቄውን የሚችል ሦስት ጉበት ያስፈልጋል» ብሎ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ማኅተሞቹ ሁሉ ከየቢሮው ተለቅመው በአንድ ትልቅ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ባለጉዳይ በአንድ ምልልስ ጨርሶ ይግባ፤ ሠራተኛ ከባለጉዳይ እጅ ሻይ እንኳ አይቅመስ ተባለ።

«የማለዳ ጉም ነው፤ ረፋዱ ላይ ይገፈፋል» አለ ሉዋን።

አልተገፈፈም። ባለጨጓራው ጡረታ ወጣ፣ የእሳት አደጋው አለቃ ተዛወረ፣ የሉዋንንም በር የሚያንኳኳ ጠፋ። በመከር የጎረቤት ልጅ ሲያገባ ሉዋንን ወስደው ሳህን በሚመላለስበት በር አጠገብ፣ ከሕፃናቱ ጋር አስቀመጡት። አንዱ አስተናጋጅ ሲያልፍ ጀርባው ላይ ሾርባ ደፋበት።

ቤቱ ገብቶ «እኔ አበቃልኝ» አላት ሚስቱን ፌንግን።

«በአንድ ጭልፋ ሾርባ? ይልቅ ኮትህን አውልቅ፣ ሳይደርቅ ልጠበው።»

ብርዱ ሲገባ ግን በሩ ተንኳኳ። ቶንግ የሚባል ጡረተኛ የከሰል ቆፋሪ በብብቱ ሥር በሕይወት ያለች ዝይ ሸጉጦ ቆሟል።

«ወንድሜ ሉዋን፣ የገላ መታጠቢያ ቤት ልከፍት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጠቁሬ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ የሰው ጀርባ ልፈትግ።»

«ምነው፣ አዳራሹ አለልህ አይደል? በአንድ ምልልስ ያልቃል ሲሉ አልሰማህም?» አለ ሉዋን። ይህን ያለው እንዲለመን ፈልጎ ነው።

«እሱማ ለእንግዳ ነጋዴ ነው! እንደ እኔ ያለውን ማን ያስገባዋል፣ ሰው ሳይኖረው?»

ሉዋን ደስታውን ለመደበቅ ሳል ሳለ። «በል ግባ። ዝይዋም ትግባ» አለ።

በማግስቱ ዝይዋን በጥጥ ካፖርቱ ውስጥ ደብቆ ቶንግን አስከትሎ ሄደ። አዳራሹ ሰፊ፣ ብሩህ፣ ሞቃት ነው። የሚያጨስ የለም፣ የሚጮህ የለም። ሉዋን የሚያውቀው አንድ ፊት ፈልጎ አጣ። ተራቸው ደርሶ ወደ መስኮቱ ሲጠጉ ዪን የምትባል ወጣት ሠራተኛ ቀና አለች።

«አባባ፣ ካፖርትዎ እየጮኸ ነው።»

«ከገጠር የመጣች ነገር ናት፣ ልጄ። ለእናትሽ ብለን…»

«አይሆንም፣ አባባ። ዝይዋ አንገቷን ወደ ውስጥ ታድርግ፣ እርስዎ የሰውየውን መታወቂያ ይስጡኝ።»

መታወቂያውን ተቀበለች፣ የቤቱን አድራሻ ጠየቀች፣ ኮምፒውተሩን መታ መታ አደረገች፣ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል።

«አልቋል» አለች።

«ምኑ?» አለ ቶንግ።

«ፈቃዱ። ውሃውንና የእሳት መከላከያውን የሚያዩት ሰዎች ነገ ቤትዎ ድረስ ይመጣሉ።»

እውነትም መጡ። አዩ፣ የእሳት ማጥፊያው የሚሰቀልበትን ቦታ አሳዩ፣ ቶንግ ያቀረበላቸውን ሲጋራ «እናመሰግናለን» ብለው መለሱ፣ ፈርመው ሄዱ። ቶንግ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ሉዋን ሮጠ።

«ወንድሜ፣ ተበላሁ!»

«ምን ጎደለህ? ሁሉን ሰጡህ እኮ።»

«እሱን ነው የምልህ! የተቆጣኝ የለም። አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው ያለኝ የለም። ነገ ተመለስ ያለኝ የለም። እንዲህ በቀላሉ የተሰጠኝ ነገር በቀላሉ ይነጠቃል። የሚቆምልኝ ትልቅ ሰው ከጀርባዬ ሳይኖር የውሃ ማሞቂያውን ቦይለር አልለኩስም።»

ሉዋን ብቻውን ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

«ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መልሺው። ፎቶው ጆሮህን አያሳይም በይው። ሁለት ቀን ቢመላለስ ልቡ ይረጋለታል።»

«አባባ፣ እዚህች ቁልፍ ላይ ‹አልረካሁም› ብሎ ቢጫን፣ ለአለቆቼ መልስ ለመስጠት የምመላለሰው እኔ ነኝ።»

«ሰውየው ያልረካው እኮ ስለፈጠንሽ ነው!»

«እንግዲያው ይዘግይልኝ ብሎ ያመልክት። እሱንም ዛሬውኑ እጨርስለታለሁ።»

ሉዋን በረዶውን እየረገጠ ወደ ቶንግ ቤት አዘገመ። «የእኔ ሰው ከጀርባህ አለ» ቢለው ቶንግ ቦይለሩን ይለኩሳል፤ በምርቃቱም ቀን ያ ወንበር የሉዋን ይሆናል። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ብሎታል! ግን ባለው ቁጥር ከቃሉ ጀርባ አንድ ሰው ነበረ፤ ጨጓራውን የሚያመውም ቢሆን ሰው ነበረ። ሉዋን በባዶ ቃል በልቶ አያውቅም። በስተርጅና አይጀምረውም።

«ስማኝ፣ ቶንግ። ሰው የለኝም። አዳራሹ ውስጥ አንድ ነፍስ አላውቅም። ያቺ ዪን የምትባል ልጅ ሥራዋን ሠራች፣ ዝይህን መለሰች፤ ሌላ ነገር የለም።»

ቶንግ ጭንቅላቱን አከከ። «እውነትም ዝይዋን መለሰች።»

«አየሃት እኮ።»

«ሻይ እንኳ አልጠጣችም?»

«ምንም።»

የቶንግ ፊት ቀስ እያለ በራ። «የውሃው ኃላፊ ዶሮ ይቀበል ነበር። የእሳቱ አለቃ እንቁላልም አይመልስም ነበር። ዝይ የምትመልስ ሰው… ምን ያህል ከፍ ያለች ብትሆን ነው? አባቷ ክፍለ ሀገሩን የሚገዛ ሳይሆን አይቀርም! እሷ ናት እንግዲህ ከጀርባዬ ያለችው!»

ሉዋን አፉን ከፍቶ ሳለ ቶንግ ቦይለሩን ሊለኩስ ሮጠ።

ቶንግ ለምርቃቱ ዪንን ሊጋብዛት ሄዶ «አልተፈቀደልኝም» ብትለው በአክብሮት እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። በግብዣው ቀን እንግዶቹ ሲገቡ በሩን የሚያየው ወንበር ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሳህን፣ የመብያ እንጨት፣ የተቀዳ የማሽላ አረቄ፣ የዓሣው ራስም ወደዚያው ዞሮ። ወንበሩ የዪን ነው። ሉዋንን ከጎኑ አስቀመጡት። ሠላሳ ዓመት የተቀመጠበትን ወንበር አየር ተቀምጦበት ሲያይ ምራቁን ዋጠ።

ፌንግ ግን ምራቅ የምትውጥ ሴት አልነበረችም።

«ቶንግ፣ ማን ሞተብህ?»

«ኧረ ምን ማለትሽ ነው፣ እህቴ?»

«ሳህን ተዘርግቶ፣ አረቄ ተቀድቶ፣ ሰው የማይቀመጥበት ወንበር ለማን ነው የሚደረገው? ያቺን የመሰለች ልጅ ከሙታን ቆጠርካት እኮ! ለመሆኑ ማንን ልታጥብ ነው፣ ሰውን ወይስ መንፈስን?»

የሁሉም የመብያ እንጨት ባንድ ጊዜ ወረደ። ቶንግ አመድ መሰለ። «ሰው ይቀመጥበት! ቶሎ! ሉዋን፣ የምታውቃት አንተ ነህ፤ በእሷ ቦታ ተቀመጥ!»

«አላውቃትም አልኩህ እኮ!» አለና ሉዋን ተነሥቶ ቆመ። «ሁላችሁም ስሙኝ። መታወቂያችሁን ይዛችሁ፣ የተራ ቁጥር ቆርጣችሁ፣ መስኮቱ ጋ ሂዱ። ሰው አያስፈልጋችሁም። እኔም አላስፈልጋችሁም።»

ይህን ማለት ምን ያህል እንደከበደው ፌንግ ብቻ አወቀች።

«አያችሁልኝ?» አለ አንድ ጎማ ሻጭ ጎረቤቱን በክርኑ እየጎሸመ። «የትልቅ ሰው ወዳጅ እንዲህ ነው። ዕወቁልኝ አይልም።»

ጠረጴዛው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ሉዋን እንደገና ሊናገር ሲል ሚስቱ እጅጌውን ጎተተችው።

«አንተ ሽማግሌ፣ እውነቱን ተናግረሃል። አሁን ተቀመጥ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ።»

በሩን የሚያየው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቶንግ ጽዋውን አንሥቶ «ለዪን!» አለ፤ ሉዋን በዪን ቦታ ጠጣ። «ለሉዋን!» አለ፤ ሉዋን በራሱ ቦታ ጠጣ። ጎማ ሻጩም ተነሥቶ ከሁለቱ ጋር በየተራ መጠጣት ፈለገ። ከእሱ ኋላ ሌሎቹ ጽዋቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ልጅቷ እኮ አትጠጣም» አለ ሉዋን።

«ለዚህ አይደል አንተን ያስቀመጥንህ?» አሉት።

ጠጣላት።