የመጨረሻው ማሳ

ተራራው ላይ ዘንቦ ቆቦ ላይ ሳይዘንብ ሲቀር፣ የራሰ አፈር ሽታው ከጎርፉ ቀድሞ ይመጣል። ትናንት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ የባጃጁን ሹፌር «አቁምልኝ» አልኩት። «ምነው ቲቸር፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? ወንድሜ ትዝ አለኝ ይባላል?

ታላቄ ነበር። በደህናው ዘመን ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥተን ወፍ እንጠብቃለን። እኔ ወንጭፍ አስጮኻለሁ፤ እሱ የእንግሊዝኛ መምህሩ ያዋሰውን መዝገበ ቃላት ያገላብጣል። ከክፍሉ ሁሌ አንደኛ ነው፤ በደረጃ ግን ይስቃል። «ራንክ እኮ ድሮ ሰልፍ ማለት ነበር፤ ጎን ለጎን የቆመ ሰው» ይለኛል። «ፈርስት ከሁሉ ፊት ያለው ነው። ሰከንድ ደግሞ ተከታይ። አንቺ የኔ ሰከንድ ነሽ፤ ተከትለሽኝ ትማሪያለሽ።» ላስትስ ስለው፣ «የዘገየ ማለት ነው እንጂ የማይረባ ማለት አይደለም» አለኝ። እናቴም ከታች ሆና ሰምታ ሳቀች።

በዚያ ክፉ ዓመት ግን ዝናቡ ጭራሽ ጠፋ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ ተጠቀለለ። የቀረን ተስፋ ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ በቦይ እየተጠለፈ ማሳ ለማሳ ይሄዳል። የራስጌው ቀድሞ ያጠጣል፤ እሱ ሞልቶለት የአፈር ክተሩን እስኪከፍት የግርጌው ይጠብቃል። የእኛ ማሳ የመጨረሻው ነበር። አባቴ ቁርጡን ተናግሯል፦ «ይሄ ማሽላ ከከዳን ትምህርት የለም። እንደ ጓደኞችህ ሳውዲ ነው።» ወደዚያ የሚልከው ደላላም ገበያው ውስጥ ልጆች ይለቃቅም ነበር።

አንድ ከሰዓት ከላይ በኩል «መጣ! መጣ!» ተብሎ ተጮኸ። አካፋ ይዘን ሮጥን። ቀዩ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ፣ አንዱን ማሳ ሞልቶ ወደ ሌላው ወረደ። ከእኛ በላይ ካለችው፣ ባሏ ከሞተባት ጎረቤታችን ማሳ ሲገባ ግን ሰለለ። ጉልበቱ አለቀ።

አባቴ አበደ። «ስበረው!» አለው ወንድሜን። «ክተሯን ስበረው! ያ ረቢ፣ ስበረው እንጂ ልጄ!» ሴትዮዋ ውሃው መሀል ቆማ ታየናለች። እኔም በልቤ ስበረው፣ ስበረው እል ነበር። ለማሽላው ብዬ አይደለም፣ እሱን እንዳላጣው ነው።

«ተራዋ ነው፣ አባዬ» አለና አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ውሃው እዚያው ማሳዋ ውስጥ ሰርጎ ቀረ። አባቴ ደረቁ ቦይ ዳር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ በአፋር በረሃ በኩል ወጣ። መዝገበ ቃላቱን «ለመምህሬ መልሺልኝ» ብሎኝ ነበር። መምህሩ ግን አልቀበልም አለ፤ «አንቺው ያዥው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ ባሕሩን ተሻገረ ያለን የለም፤ ሞተ ያለንም የለም። እኔ እንዳለው ተከትዬው ተማርኩ፣ ይኸው ቲቸር ተባልኩ። ከፊቴ ግን ማንም የለም።

ያቺ ጎረቤታችን አሁንም ማሽላ በደረሰ ቁጥር ከማሳዋ ጣፋጭ ጣፋጩን ጥንቅሽ ቆርጣ ታመጣለች። «የሱ ድርሻ ነው» ብላ ግድግዳው ላይ አስደግፋው ትሄዳለች። እናቴ ማንንም አታስነካም። «ዘገየ እንጂ ይመጣል» ትላለች። ጥንቅሹ እዚያው እንደቆመ ይደርቃል፤ አዲሱ ሲመጣ የአምናውን የማነሳው እኔ ነኝ።