ከፖስታ ሳጥኑ ወዲያ

ሰርክአዲስ ልትፈታው የተነሳችው ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ እናቷ ከፖስታ ሳጥኑ አልፈው አይሄዱም። ወይዘሮ ጸዳለ ጉልበታቸውን በቀዶ ሕክምና ካስቀየሩ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሐኪሙ ድኗል ብሏል፤ ፊዚካል ቴራፒውም አልቋል። እሳቸው ግን ዲሲ አጠገብ አሌክሳንድሪያ ካለው አፓርታማቸው በር እስከ ፖስታ ሳጥኑ ይሄዱና፣ ደብዳቤ ኖረም አልኖረም ይመለሳሉ።

"ከዚያ ወዲያ እግሬን አላምነውም" ይላሉ።

ሰርክአዲስ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አረጋውያንን ወደ ሕክምና የሚያመላልሱ ቫኖችን ታሰማራለች። ማን ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ የትኛው ሕንፃ ሊፍት እንዳለው፣ ማን መንገድ ላይ መጸዳጃ እንደሚፈልግ በቃሏ ታውቃለች። ወንድሟ ኢዛና ኦሳካ ውስጥ ልጅ ወልዶ እናቱ "የልጅ ልጄን ሳላይማ አልቀርም" ብለው ሲነሱ፣ አጋጣሚው እንዳያመልጣት ወሰነች።

"ጃፓን ድረስ ከሄድሽማ ከተማውንም ታያለሽ" አለቻቸው።

"ለጃፓን የቼሪ አበባ ከሆነ እዚሁ ዲሲ አለልሽ። እኔ የምሄደው ለሕፃኑ ነው።"

ሰርክአዲስ ግን የከተማውን የጎብኚ ካርድ በስልኳ ገዝታ ጨርሳለች። አሠራሩ ቀላል ነው። ካርዱን የያዘ ሰው ለሁለት ተከታታይ ቀናት፣ በር ላይ ስልኩን እያሳየ፣ ወደ አርባ የሚጠጉ ቦታዎች ይገባል፤ ጥንታዊው ግንብ፣ የወንዝ ጀልባው፣ ሰው ተሳፍሮበት ወደ ሰማይ የሚወጣው ትልቁ መንኮራኩር፣ ሁሉም አለበት። ለእያንዳንዱ ቦታ ደብተሯ ላይ የመክፈቻውን ሰዓትና የሊፍቱን ነገር ጻፈች። የመጀመሪያው ዓምድ ግን "መቀመጫ የት አለ?" የሚል ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ግንቡ ሦስት ሰዓት ላይ ሲከፈት እነሱ ከባቡር ወርደዋል። ከባቡሩ እስከ ግንቡ ያለው መናፈሻ ሰፊ ነው። አራት ሰዓት ላይ፣ ገና እኩሌታው መንገድ ላይ ሳሉ፣ ወይዘሮ ጸዳለ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አጣፉ።

"በቃ። የዛሬው ፖስታ ሳጥኔ እዚህ ጋ ነው።"

"ትንሽ ውሃ ቅመሺ፣ እማዬ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ? በሁዳዴ?"

"አሌክሳንድሪያ እኮ አሁን የትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ዘጠኝማ ካለፈ ቆየ።"

"እግዜርን በሰዓት ልትሸውጂው! ፀሐይቱ ያለችው እዚህ ነው፤ ጾሙም እዚህ ነው።"

ሰርክአዲስ ስቃ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ስህተቷም ቁልጭ ብሎ ታያት። መሥሪያ ቤቷ የሚያመላልሳቸው አረጋውያን ቁርሳቸውን በልተው፣ ኪኒናቸውን ውጠው ጠዋት ነው የሚበረቱት፤ ስለዚህ እግር የሚፈልገውን ሁሉ ጠዋት ላይ ደርድራዋለች። እናቷ ግን በጾም የሚበረቱት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። እሷ ከሥጋና ከቅቤ ብትጾምም ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ስለማትተው፣ ይህ ነገር ጨርሶ አልመጣላትም። ታዲያ እናቷ አሁን ያደከማቸው ጾሙ ሳይሆን ጉልበታቸው መሆኑን በምን አወቁ?

"ተነሺ፣ ወደ ጀልባው እንሂድ። እዚያ ቁጭ ማለት ነው።"

"ግንቡስ? የተከፈለበትን ጥለሽ?"

"የካርዱ ጥቅሙ እኮ እሱ ነው! የግንቡ ብቻ ትኬት ቢሆን ኖሮ እየጎተትኩ አስገባሽ ነበር። አሁን ግን ይሄን ብንተወው ሠላሳ ዘጠኝ ቦታ አለልን።"

በጀልባው ዞረው ወንዙ ዳር ተቀምጠው ሳሉ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ወይዘሮ ጸዳለ ከቤት የያዙትን በሶና ኢዛና የጾም መሆኑን ያረጋገጠላቸውን የሩዝ ድብልብል በሉ፤ ውሃ ጠጡ፤ አማተቡ። ከዚያ ሳይነገራቸው ተነሱ። መንኮራኩሩ ላይ ወጡ፤ ከወረዱ በኋላ የገበያውን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱት። ሰርክአዲስ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ከኋላ ተከተለች።

በማግስቱ ግንቡ የደረሱት ከዘጠኝ በኋላ ነበር። ሊፍቱ አምስተኛው ፎቅ ላይ አቆመ፤ ከዚያ በላይ ሦስት ፎቅ በደረጃ ነው። ሰርክአዲስ ደብተሯን ገለጠች።

"ምን ይላል?" አሉ እናቷ።

"'እዚህ ይበቃል' ይላል።"

"ማንን ጠይቀሽ ጻፍሽው?"

የደረጃውን መደገፊያ ያዙና መውጣት ጀመሩ። አንድ እግር፣ ሌላው እግር፣ ትንሽ ቆም። ከኋላ የሚመጡት ጃፓናውያን ሳይጣደፉ ጠበቋቸው፤ እሳቸውም ደረጃው በታጠፈ ቁጥር ዞር እያሉ እጅ ነሷቸው። ስምንተኛው ፎቅ ላይ ነፋሱ ነጠላቸውን ሲያርገበግበው፣ ከተማውን ትተው ቁልቁል መናፈሻውን ይፈልጉ ጀመር።

"ያቻትልሽ የትናንቷ ወንበር! ቅርብ ናት እኮ!"

አሁን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፖስታ የምታመጣው ሰርክአዲስ ናት፤ እናቷ ጊዜ የላቸውም። ዲሲ ያሉት ትልልቅ ሙዚየሞች በነፃ ነው የሚያስገቡት፤ የደከመው ሰው በአሥር ደቂቃ ቢወጣ የሚቆጨው ነገር የለም። ሰርክአዲስ ይህን ስታስረዳቸው ወይዘሮ ጸዳለ ለጓደኞቻቸው ደወሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ስድስት እናቶች በአንድ ቫን ይሄዳሉ። ከበልትስቪል የሚመጡት ወይዘሮ ስሂን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ቢሆንም ከሁሉም ይቀድማሉ።

ቀሪው ችግር ስንብት ነው። ሙዚየሙ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል። ያለፈው ቅዳሜ እናቶቹ አሥራ አንድ ላይ መሳሳም ጀምረው፣ ጥበቃው በሩን ይዞ ቆሞ እንኳ አልጨረሱም።

"በአንድ ቫን ነው እኮ የምትመለሱት!" አለች ሰርክአዲስ።

"ቫን ውስጥ ቆሞ መሳሳም ይቻላል?" አሏት ወይዘሮ ስሂን።

ስለዚህ ደብተሯ ላይ "ስንብት" የሚል አዲስ ዓምድ አሰመረች። በዚህ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሙዚየሙ አዳራሽ መሃል ከቆመው ትልቅ የዝሆን ቅርጽ ፊት ለፊት ካለው ወንበር፣ ስንብቱን ራሷ ልታስጀምር ነው። አንድ ሰዓት ይበቃ እንደሆነ ታያለች።