ከሥሩ የነቀልኩት ቄጤማ

ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ሳይቆምበት በፊት ወንዙ ዳር ሰፊ ረግረግ ነበር። እኔና ጎረቤቴ የሆነችው ጓደኛዬ በዓል ሲደርስ ቄጤማ እናጭድና ተሸክመን ወሎ ሰፈር ድረስ እየሄድን እንሸጣለን። እሷ የዚያው መሬት ገበሬ ልጅ ናት፤ እኔ መጤ ነኝ። አጨዳውን የምትመራው እሷ ነበረች። አንዱን በዓል ከወዲህ፣ ሌላውን በዓል ከወዲያ፤ የታጨደው እስኪያገግም አይነካም።

"ከሥሩ እንዳትነቅዪ፣ ውኃውን የያዘው እሱ ነው" ትለኛለች።

"እሺ፣ የረግረጉ ዳኛ!" እያልኩ አሾፍባታለሁ።

አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ ታመመችና ብቻዬን ወረድኩ። ነጭ ሥሩ ያለው ቄጤማ ቶሎ አይጠወልግም፣ ገዢ ይሻማበታል። ጭቃውም ለስልሶ ነበር፤ ስስበው እሺ ብሎ ይመጣል። አንድ ጥግ ሙሉ ነቅዬ ሄድኩ። በዓመቱ እዚያ ጥግ ጥቁር ጭቃ ብቻ ቀረ። ጎርፍ እየገባ አጠበው፤ ይብራዎቹም፣ የውኃ ወፎቹ፣ እዚያ ማረፍ ተዉ። ጓደኛዬ ስታየው ደረቷን መታች።

"እነዚህ ወንዙ ማዶ ቤት የሚሠሩት ግንበኞች ናቸው! እጃቸው ይቆረጥ!"

የነቀልኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም።

መሬቱ ለሕንፃ ሲወሰድ እሷ ጎሮ ልጇ ዘንድ ገባች። እኔ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ቀረሁ፤ በሬን የሚያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነው። ከረግረጉ የተረፈው ታጠረ፣ እንዳይነካ ጥበቃ ቆመለት። እግሬ ቤት አያስቀምጠኝም፤ በየቀኑ እሄዳለሁ። ጥበቃው "እማማ፣ ይዩ እንጂ ቅጠል እንዳይቆርጡ" ብሎ ያስገባኛል። ጎሮ ስሄድ ደግሞ ጓደኛዬ "ያ ጥግ አገገመ ወይ?" ትለኛለች። "ለምልሟል" እላለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኳት እንጃ።

ዘንድሮ "ውሰጂኝ፣ በዓይኔ ልየው" አለች። ጉልበቷን እየያዘች ወረደች። ጥጉ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄ ነው የለመለመው?"

"እኔ ነኝ የነቀልኩት። አንቺ ታመሽ የተኛሽ ጊዜ።"

ጥበቃው ፊቱን አዞረልን።

"ግንበኞቹን ስረግም አጠገቤ ነበርሽ" አለች።

"ነበርኩ።"

"አሜን ብለሻል እኮ!"

የምትስቅ መስሎኝ ቀና አልኩ። አልሳቀችም። "መንቀልሽስ ይሁን፤ ልጅነት ባይሆንም ድህነት ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት እየመጣሽ ስታታልዪኝ ግን..." ብላ ተወችው። ስንመለስ የታክሲው ጋቢና ሁለት ሰው ይይዛል፤ ዘንቢሏን አጠገቧ አስቀመጠችው። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ጥበቃውን ለመንኩት፤ እሱም ኃላፊዎቹን ጠየቀልኝ። ቄጤማው ከለመለመበት በኩል ትንሽ ሥር ወስደሽ ትከዪ ተባልኩ። ክረምቱ ሲገባ ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ወገቤ እምቢ እያለኝ ስንት ቀን ፈጀሁበት። ጥበቃው ጃንጥላ ይዞልኝ "እማማ፣ ይበቃዎታል" ይለኛል። በሁለተኛው ሳምንት ከባድ ዝናብ መጣ።

ጎሮ ስደውል የምታነሣው ልጇ ናት።

"እማዬ ተኝታለች፣ እትዬ።"

በቀን ደወልኩ፣ ጠዋትም ደወልኩ፤ ተኝታለች። ትናንትም እንደዚያው።

"መልእክት አለዎት? ምን ልበልልዎት?"

"ጥጉን ተክላዋለች በያት። ግማሹን ጎርፍ ወሰደው፤ የቀረው ይያዝ አይያዝ ገና አላወቀችም በያት።"

"እሺ" አለችና ዘጋችው።