ጥላ የጠፋበት ጾም

ባለፈው ዐቢይ ጾም ሰማያችን ጢስ ለበሰ። ቆላው ሣሩን ሲያቃጥል ትንሽ ጢስ ወደኛ መድረሱ በየዓመቱ ያለ ነው፤ የዚህኛው ግን ሌላ ነበር። ጣሊያን አርበኛ ይደበቅበታል ያለውን ጫካና መንደር ጭምር አነደደው፤ ነፋሱም ዝም አለ፤ ጢሱ ደብረ ታቦር ላይ ተኝቶ አልነሣም አለ። ጉናን የሚያህል ተራራ ከፊታችን ጠፋ! ያሰጣነው ገብስ አልደርቅ አለን። ቀትር ላይ ጋቢ ያስደርባል። ከብቱ ያስላል፣ ሕፃኑ ያስላል። አንድ ደግ ነገር ቢኖረው፣ ቦምብ የሚጥለው የጣሊያን አውሮፕላን መንገዱ ጠፍቶት ቀረልን።

ከሁሉ የባሰባቸው አክስቴ ነበሩ። የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው፤ ደረታቸው ድሮም ደካማ ነው። ሳሉ ሲነሣባቸው ሁለት እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው ነው የሚያስሉት። አባቴ የደብራችን ቄስ ናቸውና፣

«እታለም፣ ለበሽተኛ ተፈቅዷል፤ ጉሮሮሽን አርጥቢው» ቢሏቸው፣

«ቅዳሴ ሳይወጣ? አንተ ቄስ፣ በስተርጅና ልታስተኝ ነው!» ብለው ሳቁባቸው። ሳቁም ወዲያው ሳል ሆነ።

ችግሩ ቅዳሴው ነበር። በጾም ቅዳሴ የሚገባው ፀሐይ ካዘነበለች በኋላ ነው። አባቴ ግቢው መካከል ቆመው የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው ይለኩና ደወሉን ያስደውላሉ። አሁን ጥላ ከየት ይምጣ? መሬቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አመድማ ሆነ። ቢቸኩሉ የሰበካው ሁሉ ጾም በአንገታቸው ነው፤ ስለዚህ ያዘገያሉ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ይጨምሩበታል። ቅዳሴው ሲወጣ ይመሻል። አክስቴ ውሃ የሚቀምሱት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ዲያቆን፣ «ከጣሊያኑ ሰፈር ሰዓት እናስጠይቅ ይሆን?» አለ።

«ጠላት ጾሜን ሊፈታልኝ?» አሉት አክስቴ። «ብለህ ብለህ እሱው ይቀድስልን በለኛ!»

አንድ ቀን አክስቴ ከግቢው ግንብ ሥር፣ ከሁልጊዜ ቦታቸው፣ እኔ አጠገባቸው ሆኜ እንደተቀመጡ ሳሉ ጨርሶ አልለቅ አላቸው። ከንፈራቸው ጠቆረ። አባቴ የቅዳሴው ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተ ልሔሙ ወጥተው እየሮጡ መጡ።

«በቃ፣ አስደውላለሁ!»

«ደረሰ እንዴ?»

«ሳይደርስ አይቀርም።»

«ሳይደርስ አይቀርም የሚል ቄስ የት ታየ? ና፣ ከጎኔ ተቀመጥ። ቀና በል። ፀሐይዋን እያት።»

እኔም አብሬ ቀና አልኩ። እንዴት እንደምታምር! ከጢሱ ውስጥ እንደ መዳብ ሳሕን ቀልታ፣ ጨረር የላት፣ ምን የላት፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ጢሱ ጥላችንን ወስዶ የፀሐይን ፊት ሰጥቶናል፤ እኛ ግን መሬት መሬቱን ስንፈልግ አላየናትም ነበር።

«በደኅናው ቀን» አሉ አክስቴ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «እዚሁ ቦታዬ ተቀምጬ ደወልህ ሲደወል ፀሐይ በዚያ ወይራ ባላ መካከል ገብታ ዓይኔን ትወጋኛለች። ነጠላዬን ፊቴ ላይ የምጥለው ለተመስጦ መስሎህ ነበር?»

አባቴ ሳቃቸው አመለጣቸው። ደግመው ወደ ወይራው ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ፀሐይዋ ገና ከባላው በላይ ነበረች።

«አልደረሰችም» አሉ ቀስ ብለው።

«እሱን እኮ ነው የምልህ። አታስደውል።»

አባቴ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ ምን ልጽፍበት ነው እል ነበር፤ ይኸው አገኘሁ። ስለ ጀግና ሲወራ ጠመንጃ የያዘ ሰው ብቻ ይነሣል። እኔ ግን በጥማት ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ሴት፣ ውሃውን የሚያቀርበውን ደወል ራሳቸው ሲከለክሉ አይቻለሁ። ትንሽ ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ ይደወል ነበር! ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

ሦስታችንም አንገታችንን ቀና አድርገን ጠበቅን። አባቴ የእኅታቸውን እጅ ይዘዋል። ፀሐይዋ ዝቅ፣ ዝቅ አለችና ባላው ውስጥ ገባች።

«አሁን!» አሉ አክስቴ። አባቴ እንደ ልጅ ዘለው ተነሡ፤ ደወሉ ተደወለ።

የዚያን ዕለት ቅዳሴ የወጣው በብርሃን ነው። ውሃ በቅል ሞልቼ አቀረብኩላቸው። አማትበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳያቋርጡ ጠጡት፤ ሳሉም ለጊዜው ተዋቸው። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ አባቴ ዞሩ።

«ነገም መጥተህ ከጎኔ ተቀመጥ» አሏቸው። «ብቻህን ይመሽብሃል።»