ዓለማዊው ቁልፍ

«የትኛው ቁልፍ ነው ዓለማዊው? አሳዪኝና ነቅዬ ልጣለው።»

«አትቀልድ፣ ወንድሜ።»

«አልቀለድኩም። ይሄ ቤዝ ነው፣ ይሄ ትሬብል፣ ይሄ ኤኮ። ከሦስቱ አንዱ ቡና ቤት ያመሻል እያልሽኝ ነው። የትኛው ነው?»

ሴትዮዋ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። የኳየሩ መሪ ነበረች። ሰውዬው ደግሞ ከማመኑ በፊት በናይት ክለብ ጊታር ይመታ የነበረ ነው፤ አሁን ከአንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ፊት ተንበርክኮ ጣቱን በቁልፎቹ ላይ ያመላልሳል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ገና አላዩኝም።

አዳራሹ ነፋስ ስልክ ከሚገኘው ቤታችን ጋር አጥር የሚጋራ የቆርቆሮ ቤት ነው። ቀድሞ የእንጨት መጋዘን ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ እነዚህ ሰዎች፣ ጴንጤ የምንላቸው፣ በየሰው ሳሎን ተደብቆ መጸለዩን ትተው አዳራሽ መከራየት ጀምረው ነበር። እናቴ የገብርኤልን ቀን የማታጎድል ሰው ናት፤ እዚያ መግባቴን ብትሰማ ጠበል ትወስደኝ ነበር። ያስገባኝ ግን ሃይማኖት አልነበረም። ለሳምንታት በቆርቆሮው ውስጥ እያለፈ አንድ ድምፅ ይመጣ ነበር። ሰው ነው እንዳልል ቃል የለውም፤ መሣሪያ ነው እንዳልል መጀመሪያ የለውም። ከምንም ተነስቶ ያብጥና ይሄዳል። በዚያ ዕድሜዬ ግጥም እጽፍ ነበር። ያስተማረኝ ሰው ስላልነበረ የማላውቀው ነገር ሁሉ ትምህርት ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየለቀምኩት የነበረውን ምስር ትቼ ሄድኩ።

ሰውዬው ዞር ሲል አየኝ።

«የጎረቤታችን ልጅ አይደለሽም እንዴ አንቺ?»

«ነኝ፣ ጋሼ። ድምፁ መጀመሪያ የለውም፤ ምን እንደሆነ ላይ ብዬ ነው።»

«ነይ ግቢ። ይኸው፣ እህቴ፣ ይቺ የእኛ ሰው አይደለችም። ጆሮዋ ወገን የለውም። እሷ ትፍረድ።»

«ወይ ዳኛ» አለች መሪዋ ከላይ እስከ ታች እያየችኝ። «የምስር ገለባዋን እንኳ ከቀሚሷ ያላራገፈች።»

መሣሪያው ስቲል ጊታር ይባላል አለኝ። ጊታር የሚመስለው ክሩ ብቻ ነው፤ ሌላው ነገሩ ጠረጴዛ ነው። አራት እግር አለው፣ ክሮቹ ወደ ላይ ተንጋለው ተዘርግተዋል፣ ከሥሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጡ ነገሮች አሉት። ወደ አገራቸው የተመለሱ የውጭ አገር ባልና ሚስት ሚስዮናውያን ትተውት የሄዱት ነው። መጫወቱን የሚያውቅ ስላልነበረ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ነበር። እሱ አውጥቶ አቧራውን ጠረገ፤ የጎደለውን አንድ ዘንግ ከብስክሌት ጎማ በነቀለው ሽቦ ተካ፤ ከዚያ ያለ መምህር ተማረው።

«መጀመሪያ የለውም ያልሽው ትክክል ነው» አለኝ። «ክሩን ስነካው ቀኝ እግሬ ድምፁን ዘግቶታል። ከነካሁት በኋላ ነው ቀስ ብዬ የምከፍተው። መነካቱን አትሰሚም፤ መምጣቱን ብቻ ነው የምትሰሚው።»

በማግስቱ እሁድ ኳየሩ አዲስ መዝሙር ሊያሰማ ነው። የጉባኤው ሽማግሌዎች ነገሩን ለመሪዋ ትተውላታል። ይሁን ካለች መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት ይወጣል፤ አይሆንም ካለች ወደ ብርድ ልብሱ ይመለሳል። ሰውዬው ያን ሁሉ ቀልድ የሚያወርደው ለዚህ ነበር። በክሮቹ ላይ የሚያንሸራትተውን ብረት የሚይዝበትን ግራ እጁን ቶሎ ቶሎ በሱሪው ይጠርገው ነበር፤ አልቦት ነው።

ብረቱን በክሮቹ ላይ አሳርፎ የመዝሙሩን መግቢያ ተጫወተ።

«ይኸው!» አለች መሪዋ። «ይሄ ነው የማይሆነው።»

«ቅኝቱ ከሆነ መዝሙሩ ራሱ ትዝታ ነው። ያወጣሽውም አንቺው ነሽ።»

«ቅኝቱን መች አልኩ? አመጣጡን ነው።»

«ዳኛ፣ አንቺስ?»

ምን እንደምል አላውቅም ነበር። «ሎሚ በዝቶበታል፣ ጋሼ» አልኩ።

ሳቀና ትሬብሉን ወደ ታች አዞረው። እንደገና ተጫወተ። አሁን ደግሞ ሰው ፊቱን ተከናንቦ የሚናገር መሰለኝ፤ እንደዚያው ብዬ ነገርኩት። ጥቂት መለሰው። በቁልፎቹ ዙሪያ የነበሩት ቁጥሮች ተፍቀው ስላለቁ የሚወደውን ቦታ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ምልክት አድርጎበታል።

«ይሄ የጥፍር ቀለም ግን ያለ ክርክር ዓለማዊ ነው» አለች መሪዋ።

«የሚስቴ ነበር። ጌታን ስትቀበል ወረስኳት።»

ኤኮው ከየት እንደሚመጣ ጠየቅሁት። መልስ ሳይሰጠኝ አምፕሊፋየሩን በጉልበቱ ገፋ አደረገው፤ ከሆዱ ውስጥ ሩቅ አገር የሚያጓራ ነጎድጓድ ተሰማ። ውስጡ ሞላ አለ አለኝ፣ እንደ አልጋ ሞላ፣ ግን ቀጭን፤ ድምፁ በአንዱ ጫፍ ገብቶ እየተንቀጠቀጠ በሌላው ይወጣል። ተጎንብሼ በጀርባው በኩል አየሁት። የገደል ማሚቶ ለመመለስ የግድ ገደል የሚያስፈልገው ይመስለኝ ነበር። ለካ ስንዝር ተኩል ሽቦ ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ ከአግዳሚ አግዳሚ እያዘዋወረ ያስቀምጠኝ ጀመር። ከፊት ስሆን ጥርት ያለው ከኋላ ስሆን ይደፈርሳል። «ዛሬ አዳራሹ ባዶ ነው» አለ። «ቆርቆሮው የራሱ ኤኮ አለው፣ የእኔ ሲጨመርበት ገንፎ ይሆናል። ነገ ግን ሰው ይሞላል። ጋቢና ሹራብ ድምፅ ይበላል። ዛሬ የጣመሽ ነገ አልጫ ነው።» አንዱን ወፍራም ክር በመታ ቁጥር ደግሞ የሆነ ነገር ይንዘረዘራል። አምፕሊፋየሩን ከግድግዳው አራቀው፣ ከሥሩ ጃኬቱን አነጠፈለት፣ ቤዙን ቀነሰው። ንዝረቱ አልጠፋም። መሪዋ ስታዳምጥ ቆይታ ጫማዋን አወለቀችና አግዳሚ ላይ ወጥታ መዳፏን የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ጫነች።

«አሁን ምታው።»

መታው። ንዝረቱ ጠፋ።

«ምስማሩ ላልቶ ነው» አለች ከላይ ሆና። «ይሄኛው እንኳ ያንተ ኃጢአት አይደለም።»

ሦስታችንም ሳቅን። ሰውዬው ብድግ ብሎ በውጭ በኩል ጣሪያው ላይ ወጣና ምስማሩን በድንጋይ መታው። ተመልሶ ሲቀመጥ ትሬብሉ፣ ቤዙ፣ ኤኮው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር። መግቢያውን ተጫወተ። እስከዚያ ድረስ በቆርቆሮ አልፎ ሲመጣ የሰማሁት ሁሉ የዚህ ጥላው እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ቀና ብዬ መሪዋን አየኋት። ከአግዳሚው ወርዳ በባዶ እግሯ ቆማለች። ሳቁ ከፊቷ ላይ የለም።

«አይሆንም» አለች። «ባማረ ቁጥር ባሰ።»

«እህቴ…»

«እግርህን ከዚያ ነገር ላይ አንሳ። ኤኮውን ዝጋው። ብረቱንም አታንሸራት፤ አንስተህ አስቀምጥ።»

ያለችውን አደረገ። አሁን ድምፁ ከሚያፈስ ጣሪያ ባልዲ ውስጥ የሚንጠባጠብ ውኃ ሆነ። ጠብ፣ ጠብ። ዜማው አልተሳሳተም፣ አንድም ቦታ አልጎደለም።

«ይሄ ይሆናል» አለች። «ነገ እንዲህ አድርገህ ተጫወተው።»

የፈለገውን ፈቃድ አገኘ። ክሮቹን በመዳፉ ሸፈናቸው።

«እሺ» አለ። «የተባልኩትን እጫወታለሁ።»

ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። «እትዬ» አልኳት፣ «የመጀመሪያውን ሲሰሙ ምን ይመጣብዎታል?»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ተቀመጠችና ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

«ያደግሁት ቡና ቤት ጓሮ ነው» አለች። «እናቴ እዚያ ታስተናግድ ነበር። እኔ ጓዳ ተኝቼ ሙዚቃውን በግድግዳው እሰማለሁ። ሙዚቃው ካለ እናቴ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። እሱ እስኪቆም ዓይኔን አልከድንም፤ ሲቆም ትመጣለች። አንዳንድ ቀን ቆሞም ትቆያለች።» የጫማዋን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገችው። «እንዲህ እየተጎተተ የሚመጣ ድምፅ ስሰማ መጠበቅ እጀምራለሁ። ጌታን አይደለም የምጠብቀው። አፌ ይዘምራል እንጂ እኔ ጓዳ ነኝ። እንዲህ ሆኜ እንዴት ሕዝብ ልምራ?»

ሰውዬው መዳፉን ከክሮቹ ላይ አነሳ።

«አልነገርሽኝም እኮ» አለ።

«አንተ ስለ ቁልፍ ነው የጠየቅከኝ። ይቺ ናት የጠየቀችኝ።» ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ከአግዳሚው ላይ አነሳች። «ሁሉንም ወደ ነበረበት መልሰው። ነገ እንደዚያው አድርገህ ተጫወት። ያምራል፤ አያምርም ብዬ ሽማግሌዎቹ ፊት አልዋሽም። መዝሙሩን ግን ሌላ ሰው ይምራው። እኔ ከሕዝቡ ጋር ኋላ እቀመጣለሁ። ካልቻልኩም እወጣለሁ።»

«ካንቺ ሌላ ማን አለ? መዝሙሩ እኮ ያንቺ ነው።»

«ልጆቹ ያውቁታል።»

«ቆይ እንጂ፣ እህቴ። በመሃል የሚሆን ነገር አይጠፋም፣ ትንሽ ልሞክር…»

«ሞክር» አለች ረጋ ብላ። «ለእኔ ብለህ ግን አታበላሸው።»

እኔን በጭንቅላቷ ሰላም ብላኝ በአግዳሚዎቹ መሃል አለፈች። የቆርቆሮውን በር ስትስበው መሬቱ ያዘው። ትንሽ ከፍ አድርጋ ሳበችውና ተዘጋ።