ቀርከሃ ማስገቢያ ያለው የልጅ ምንጣፍ

ላሞንጋን ከተማ ውስጥ ሲመሻሽ መንገድ ዳር የተጠበሰ አምባዛ የሚሸጥበት ድንኳን ሁሉ ከፊት የሚጋረድ ሸራ አለው። ሸራው ላይ አምባዛው፣ ዳክዬውና ዶሮው በደማቅ ቀለም ሆነው ከሩቅ ይጣራሉ። ከእነዚህ መጋረጃዎች ስንቱን እንደሰፉት፣ ሰፈሩ ሁሉ ኢቡ፣ ማለትም እማማ፣ የሚላቸው ሰፊዋ ዋርሲኒ ራሳቸውም አያውቁትም። ሌላ ሥራ አይሞክሩም ነበር። የገዛ ልጃቸውን የሠርግ ልብስ እንኳ «እኔ ከሰፋሁት ሙሽራው አምባዛ ይመስላል» ብለው ለሌላ ሰፊ ነው የሰጡት።

ያን ሰሞን ግን የልጅ መጫወቻ ምንጣፍ ያዙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው መርከበኛ ስለሆነ ምራታቸው ናስቲቲና ሕፃኗ ላራስ እሳቸው ዘንድ ነበር የሚኖሩት። ላራስ ምድር የመርገጥ በዓሏ እስኪደርስ እግሯ መሬት ሳይነካ በእቅፍ አደገች። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ማን ይያዛት! ክንድ ላይ ሲያደርጓት ትጮኻለች፣ ሲያወርዷት ትስቃለች። በዚህ መሃል የናስቲቲ የተራዘመ የወሊድ ፈቃድ አለቀ።

«እማ፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ» አለች ናስቲቲ አንድ ቀን፣ አንገቷን ደፍታ። «ጫማ ፋብሪካው አጠገብ ክፍል ልከራይ ነው። የልጆች ማቆያም አለ።»

«አንቺ እንዳየሽው፣ ልጄ።»

«ቅር እንዳይልዎት። እዚህ ወለሉ ላይ መርፌ አለ፣ ቁርጥራጭ አለ። ደግሞ እሷ ቀን የምትድህበት ላይ ማታ ዶሮዎቹ ያድሩበታል።»

ምን ይበሉ? እውነቷን ነው። በእኛ ሰፈር አማት አፍ አውጥታ «ልጅቷን ተይልኝ» አትልም። የምትለው ካላት በእጇ ሥራ ትለዋለች። ናስቲቲ ክፍሉን ልታይ ልጇን አዝላ ስትሄድ ኢቡ ዋርሲኒ ከበር ላይ ሸኟት። ዕቃዋን ልትወስድ ቅዳሜ ትመለሳለች። ቤቱ ወዲያው ጭር አለባቸው።

ገበያ ወርደው የጠረጴዛ ላስቲክ ገዙ፣ ገንፎም ሽንትም ቢፈስበት በእርጥብ ጨርቅ ጥርግ የሚል። ለውስጡ ስስ ስፖንጅ ጨመሩ። ላስቲክ ስፌት ክፉ ጠባይ አለው። በስፒል ካያዙት ቀዳዳው ይቀራል፤ ስለዚህ ጠርዙን በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ከማሽኑ እግር ጋር እየተጣበቀ አልሄድ ሲላቸው ደረቅ ሳሙና አሹበት። መሃሉ ላይ ያው የለመዱትን ዶሮ፣ ዳክዬና አምባዛ ቆርጠው ለጠፉ። አምባዛዋ እንደ ድንኳኖቹ አፏን ከፍታ የምታስፈራ እንዳትሆን ሽፋሽፍት አደረጉላት። ሲያዩዋት ለብቻቸው ሳቁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ጠርዝ ሰፍተው ክሩን በጠሱ። ምንጣፉን ዘርግተው ሲያዩት ክው አሉ። በላይኛው ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር እጅጌ የመሰለ ማስገቢያ ተሰፍቷል፣ ድንኳን መጋረጃ የሚሰቀልበት ቀርከሃ የሚገባበት። እጃቸው ዕድሜ ልኩን የለመደውን ሳይጠይቃቸው ሰፍቶታል።

ጎረቤታቸው ሱሚያቲ በመስኮት አንገቷን አስግጋ አየችው።

«አንቺ ዋርሲኒ! ልጅቷን ልታጫውቻት ነው ወይስ ልትጠብሻት?»

«ሂጂ ወዲያ!» አሏት።

እንዳይፈቱት፣ ላስቲክ የተወጋበት አይደፈንም። ጠርዙ ወንፊት ይሆንና ውሃ ሰርጎ ስፖንጁን ያገማዋል። እንደገና እንዳይሰፉ፣ ላስቲኩ አልቋል። ማስገቢያውን ወደ ግድግዳው አዙረው ምንጣፉን አነጠፉና ተዉት።

ናስቲቲ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደረሰች። ምንጣፉን አየች። ላራስን መሃሉ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ አምባዛዋን ዓይኗ ላይ በጥፊ አቀመሰቻትና ያፏን ገንፎ ደፋችባት። እናትየው በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው፤ ጥርግ አለ። ከዚያ በዳር በዳሩ በእጇ እየዳበሰች ሄዳ ግድግዳው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ኢቡ ዋርሲኒ የማሽኑን መንኮራኩር ያለ ሥራው አዞሩት። «ቀርከሃ ማስገቢያ ነው። እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው።»

ናስቲቲ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አቃታት። እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ማስገቢያውን ለካች፣ ጣሪያውን አየች፣ ወደ ጓሮ ወጣች። አንድ ረጅም ቀርከሃ ይዛ ተመለሰች።

«እማ፣ ማታ ማታ ጠርገው በዚህ ይሰቅሉታል። ዶሮዎቹ አይደርሱበትም። ወለሉን ጠዋት እኔ ጠርጌ ነው የምወጣው፤ ክፍሉን ትቼዋለሁ፣ በፋብሪካው አውቶቡስ ተመላልሼ እሠራለሁ።»

ኢቡ ዋርሲኒ የሰሙትን ማመን አቃታቸው። «ማን ነው የሚሰቅለው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ልጅቷን የሚይዘው ሌላ ማን አለ?»

ኢቡ ዋርሲኒ ላራስን ብድግ አድርገው አንገቷ ሥር ተሸጎጡ። ልጅቷ አውርዱኝ ብላ ጮኸች፤ አላወረዷትም።

አመሻሽ ላይ ምንጣፉ ተጠርጎ የፊት በሩ ላይ ተሰቀለ፤ ቀርከሃውን የሚሸከም ምስማር ያለው እዚያ ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ባለ ሞተር ሳይክል በሩ ላይ ቆመና በምንጣፉ ሥር አጎንብሶ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«ኢቡ፣ ከፍታችኋል? ምን የሚበላ አለ?»

ኢቡ ዋርሲኒ እቅፋቸው ውስጥ የተኛችውን ልጅ ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጓት።

«ያለችን አንዲት ናት፣ ልጄ» አሉት ቀስ ብለው። «እሷንም አንሰጥም።»